ከበርሜሉ የጎደለው ውሃ

አሰበች ከሽንፋ ወዲያ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ለሃምሳ ሰባት ሳሉግ ወጥ ትሠራለች። ሳሉግ የሚባሉት አጨዳ ሲደርስ ከየአገሩ ወደ ቆላው የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህ አምስተኛ ጥቅምቷ ነው። እስካምና ጋጋሪዋ ባየሽ አብራት ነበረች፤ ዘንድሮ ግን ባየሽ የወለደች ልጇን ልታርስ ሳንጃ ሄዳ ቀረች። ስለዚህ በካምፑ ውስጥ ሴት የምትባለው አሰበች ብቻ ሆነች።

ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው። የወር አበባዋ መላ ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሦስት ወር ድምፁን ያጠፋና፣ እፎይ፣ ተገላገልኩ ስትል፣ ድንገት መጥቶ አሥር አሥራ አምስት ቀን ይወርዳል። ዘንድሮም እዚሁ መጣባት፤ ይዛው የመጣችው ሞዴስ በሁለት ቀን አለቀ። አሮጌ አንሶላ ቀደደች። የቆላ ፀሐይ እንኳን ጨርቅ ድንጋይ ያደርቃል፤ ግን ሃምሳ ሰባት ወንድ እያየ እንዴት ታስጣው? ከጎጆዋ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጀርባ ትዘረጋዋለች። ሳይደርቅ መልሳ የምትታጠቅበት ቀን ብዙ ነው።

ችግሩ ውሃው ነበር። ወንዙ ሩቅ ነው። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ትራክተር በሚጎትተው ታንከር ይመጣና በርሜል ይሞላል። አሰበች ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ አንድ ባልዲ ትቀዳለች፤ ደሙ ሲበረታ ሁለት።

አንድ ቀን ሠራተኞቹ ከማሳ ሲመለሱ በርሜሉ ባዶውን ጠበቃቸው። ታንከሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሰው በጥም ተቃጥሎ ነበርና ወዲያው ጥፋተኛ ተፈለገ። ከወሎ የመጣውን አሚንን አነሱ፤ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠበው እሱ ነው አሉ። አሚን የሚታጠብበት ውሃ አንድ ጣሳ እንደማይሞላ፣ ውሃ ሲያንስም በውሃ ፈንታ አፈር ነክቶ እንደሚሰግድ ነገራቸው። የሰማው የለም። ተቆጣጣሪው ይርዳው ነገሩ ወደ ጠብ ሳይዞር ልቁረጠው ብሎ፣ ጓዝህን አስረህ ነገ በትራክተሩ ሂድ አለው። አሚን ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

አሰበች ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ውሃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ለወጥማ እናውቃለን፣ እትዬ» አላት ይርዳው።

«ለወጥ አይደለም። ደም ይፈሰኛል። ጨርቄን የማጥብበት ነው።»

አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፣ አንዳንዱ እጁ ላይ ያለውን የማጭድ ቁስል። ይርዳው፣ እንግዲያ አሚን ይቀመጥ ብሎ ወደ ድንኳኑ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ጭር አለ። ቀድሞ እራት የበላ ሁሉ እሳቷ ዳር ቁጭ ብሎ ስለ ሚስቱ፣ ስለ እናቱ ሲያጫውታት ያመሽ ነበር። አሁን ሳህኑን ተቀብሎ ዓይኑን ሰብሮ ይሄዳል። ክፋት አልነበረም፣ እፍረት ነው። አንዱማ አደፍ ላይ ያለች ሴት የሠራችውን አልበላም ብሎ ቂጣውን ራሱ እየጋገረ ሰነበተ። አየችው።

በአራተኛው ቀን ከምድጃው ብድግ ስትል ምድር ዞረባት። ራሷን ስታውቅ ይርዳው በቆብ ያራግብላት ነበር። ነዳጅ ሊያመጣ ሸሕዲ ከተማ በሚሄደው ትራክተር እንድትሄድ አደረገ። ወደ ተሳቢው ስትወጣ ክንዷን ደግፎ ያወጣት አሚን ብቻ ነው።

«አላህ አፊያ ያድርግዎ። በእኔ ምክንያት ነው የተናገሩት» አላት።

«በአንተ አይደለም። ውሃውን የወሰድኩት እኔ ነበርኩ» አለችው።

በጤና ጣቢያው መሠረት የምትባል ነርስ ተቀበለቻት። በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። አሰበች በሩ ሲዘጋ ብቻ እንባዋ መጣ። መሠረት የዓይኗን ቆብ ገልጣ አየች፣ ከጣቷ ደም ወስዳ መረመረች፣ ደሟ ክፉኛ ማነሱን ነግራ ደም የሚተካ የአይረን ኪኒን ሰጠቻት። ሴት ልታርጥ ስትል አመጣጡ መዛባቱ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ሲፈስ ግን ዝም አይባልም፣ ጎንደር ሄደው በአልትራሳውንድ ይታዩ አለቻት። መንገድ ላይ ሊያዞርዎት ስለሚችል አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይያዙ ብላም አስጠነቀቀቻት።

አሰበች መናኸሪያው ጥላ ውስጥ ተቀምጣ፣ ማን አለኝ ስትል ራሷን ጠየቀች። ዳንግላ ላለችው ታላቅ እህቷ ለአዱኛ ደወለች፤ እየተንተባተበች ሁሉንም ነገረቻት፣ ጎንደር አብራት እንድትሄድም ለመነቻት።

«እኔንም እኮ ሦስት ዓመት ነው ያሰቃየኝ» አለች አዱኛ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መች ነገርሽኝ?»

ከዚያ አዱኛ መምጣት እንደማትችል፣ ከዳንግላ የሚያመጣው መንገድ እንደተዘጋ፣ ሲከፈት እንደምትሞክር ነገረቻት። አሰበች እሺ አለች። ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት ዳር ያዘችና ብቻዋን ሄደች።

ጎንደር ሁለት ቀን ወረፋ ጠብቃ ታየች። ማህፀኗ ውስጥ ትንሽ እጢ አገኙ፤ ክፉ አይደለም አሏት፣ ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት ሰጧት። ጨርሶ እስኪቆም ግን አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል አሉ። ሽንፋ ስትመለስ አጨዳው አልቆ ሳሉጉ ተበትኗል። አሚንም ሄዷል።

ደሙ አሁን ቀንሷል፤ ይመጣል፣ ግን አያጥለቀልቃትም። አዱኛ ማታ ማታ ትደውልና፣ ዛሬስ? ትላታለች። አሰበች ትነግራታለች። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ግን አለ፤ ያን ቀን ለማንም ሳትናገር ታድራለች።