የገልባጩ ጩኸት

«ላ ሐውለ! ለቅሶ ላይ ደግሞ የመኪና ወሬ!» አለ ነጋዴው ሙሀመድኑር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የገልባጩን መኪና ነገር ያነሳው አብደላ ነበር። ልጁ ኢልሃም ከተቀበረች ወዲህ ከምንጣፉ ጫፍ አልተነሳም። መጪው ሁሉ አጠገቡ እየተቀመጠ «የአላህ ቀደር ነው፣ ሶብር አድርግ» ይለዋል። ቀደሩን አልካደም። የገልባጩን ሽቦ የበጠሰው ግን የሰው እጅ ነው።

ኢልሃም ከከሚሴ ወደ ጨፋ በሚሠራው መንገድ ላይ ባንዲራ ይዛ መኪና ታሳልፍ ነበር። ገልባጩ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል። ሰፈሩ «እንቅልፍ ነሳን» አለ፤ አቤቱታውን ይዞ የሄደው ሙሀመድኑር ነው። ፎርማኑም የጩኸቱን ሽቦ በጥሶ ገላገላቸው።

ያን ሰሞን ኢልሃም እራት ላይ፣ «አባ፣ ገልባጩ አሁን እንደ ድመት ነው የሚመጣው» ብላ ሳቀች። ባንዲራዋ ቢቀደድባት ቀይ ሻሿን እንጨት ላይ አሰረች፣ በአቧራው ውስጥ እንድትታይ። ከፊት ለሚመጣው ታየች። ከኋላዋ የመጣውን ገልባጭ ግን አልሰማችም።

«የገልባጩ ሾፌር አንዋር ደጅ ቆሟል» አለ ሙሀመድኑር። «እህል አልቀመሰም። አፉ በለው፣ ይቅር በለውና ይግባ።»

«መንገድ ሠሪዎቹ ነገ ሥራ ይጀምራሉ?» አለ አብደላ።

«ይጀምራሉ። ታዲያ ምን ይሁን?»

«በኢልሃም ቦታ ማን ይቆማል?»

«የእኔዋ ልጅ ዓፊያ» አለ ጎረቤታቸው ኢብራሂም መሬት መሬቱን እያየ። «ሌላ ሥራ ከየት ታምጣ?»

«እንግዲያው ሽቦው ይቀጠል። አፉ የምለው ያኔ ነው።»

«ዲሲ፣ ተው እንጂ አብደላ! ሰፈሩ እንዴት ይተኛል?» አለ ሙሀመድኑር።

«እኔስ የተኛሁ መስሎሃል?»

አንዋር ከደጅ ሆኖ ሰማ። ገልባጩ ወደቆመበት ወደ መንገዱ ሄደ።

ለቀስተኛው የዐሥር ሶላት ሰግዶ ገና መቀመጡ ነበር፤ ከወደ መንገዱ ጢጥ ጢጥ የሚል ጩኸት ተሰማ። ሙሀመድኑር ጆሮውን ሊይዝ እጁን አነሳና፣ አብደላን አይቶ መልሶ አወረደው።

መኪናው ሩቅ ነው። አብደላ ግን ጀርባው ላይ እንደመጣበት ሁሉ ከተቀመጠበት ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

አንዋር እጁ ግራሶ እንደነካው ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አብደላ ወደ ቦታው አልተመለሰም። የለቀቀውን ምንጣፍ እንዲቀመጥበት በመዳፉ ጠረገለት።