ላንቃ የሚሰፉ ሁለት እጆች

የንግግር ባለሙያዋ ያን ሳምንት የራሷን ጆሮ ፈራችው።

ነገሩ የጀመረው በሽማግሌው ቀዶ ሐኪምና በቀድሞ ተማሪያቸው ክርክር ነው። እሳቸው ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደን ልጅ የሚያክሙት የግራና የቀኙን ሥጋ ወደ መሐል ስበው፣ ቀጥ አድርገው በመስፋት ነው። ተማሪያቸው ደግሞ የኋላውን ለስላሳ ክፍል በዚግዛግ ቆርጣ ታቆላልፈዋለች፤ ላንቃው ስለሚረዝም ንግግሩ ይጠራል ባይ ናት። ነርሶቹ «ዚግዛጓ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

«የቀሚስ ጥልፍ መሰለሽ እንዴ?» ይሏታል ሽማግሌው።

መላውን ያመጡት ግን ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው። «ስንጨቃጨቅ ልንኖር ነው? ልጆቹ ይናገሩ፤ እሷ ሰምታ ትዳኘን» አሉ፣ ወደ ባለሙያዋ እያመለከቱ።

አምስት ዓመት የሞላቸው አርባ ልጆች ድምፃቸው ተቀዳ፤ ከሁለቱም ሐኪሞች ሃያ ሃያ። ማን የማን እንደሆነ እንዳታውቅ ቁጥር ብቻ ተሰጣት። ሁሉም የሚሉት «ድቡ ጫካ ገባ» ነው። ትንፋሹ በአፍንጫ የሚያመልጥበት ልጅ «ንሙ ጫካ ገማ» ይላል።

ውጤቱ ሲገለጥ ከተማሪዋ ሃያ ልጆች የአሥራ ሰባቱ ንግግር ጠርቷል። ከሽማግሌው ግን የአሥራ አንዱ ብቻ። ባለሙያዋ የውጤቱን ወረቀት እያመነታች ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። «ንግግር ማስተማር ደግሞ ሥራ ነው?» ሲባል ተሟግተው ክፍል ያሰጧት እሳቸው ናቸው። ስንጥቁ ሰፊ የነበረባቸው ልጆች ላይ የእሳቸው ስፌት እምብዛም እንዳልተከፈተ፣ የተማሪዋ ግን አራት ልጆች ላይ ተከፍቶ ቀዳዳ እንደፈጠረ ቶሎ ብላ ጨመረችላቸው።

«አታባብይኝ ልጄ» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «ሰባት ቁጥሯን ልጅ አሰሚኝ። ለተማሪዎች ምርጥ ሥራዬ ብዬ የማሳየው የእሷን ስፌት ነው።»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሦስት ጊዜ ሰሙ። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቷ «ንሙ ጫካ ገማ» አለች። ከዚያ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ተማሪያቸው ቢሮ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ በቀዶ ክፍሉ መስታወት ስታይ ማመን አቃታት። ሽማግሌው በረዳት ቦታ ቆመዋል።

«ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ ወደዚህ ይምጡ!» አለች ተማሪያቸው።

«ሥራሽን ሥሪ! መጀመሪያ ልይ።»

«እሺ። ግን ሰፊ ስንጥቅ ሲመጣ እኔም እርስዎ ጋር ነው የምቆመው። ሥጋው ሳይወጠር እንዴት እንደሚገጥምልዎት እስካሁን አልገባኝም።»

«አሳይሻለሁ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ተማሪዋ መቁረጥ ስትጀምር ግን ወዲያው፦

«ቀስ በይ እንጂ! አላየሁትም፤ ድገሚልኝ።»