አጭሩ ሎንግ

«ጋሼ፣ ግሉኮሱን አዘገየሁት፤ ማሽኑ ግን ፈጠነ ይላል!» አለች ረዳት ፕሮግራመሯ ነጅማ፣ ኮት መስቀያው ላይ ከተንጠለጠለው የግሉኮስ ከረጢት ሥር ቆማ።

በሱፍቃድ ከወንበሩ አልተነሳም። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮ የእሱ ኮድ ሲሳሳት ያየ ፍጡር የለም፤ እንደ ራሱ አነጋገርማ ከዚህ እስከ ሜክሲኮ ያለ ኮምፒውተር በሙሉ ድምፁን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«አንቺ፣ ዓይንሽን ጠራርጊ። እኔ ያዘዝኩት ጠብታ ሳያስፈቅደኝ መሬት አይነካም።»

«ወላሂ፣ ይምጡና ይዩ!»

በሱፍቃድ የሠራው መሣሪያ የግሉኮስ ጠብታ ፍጥነት ይለካል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ ክሊኒክ የመጡት ሲስተር ቤርሳቤህ ፍተሻው እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ይህ ለክሊኒካቸው ሁለተኛው መሣሪያ ነው።

በሱፍቃድ ተነስቶ ቆጠረ። ጠብታው በየአምስት ሰከንዱ ይወርዳል፤ በደቂቃ አሥራ ሁለት። ስክሪኑ ሰማንያ አምስት ይላል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ላፕቶፔ ላይ እኮ ሰላም ነበር!»

«የእርስዎ ላፕቶፕ ስልሳ አራት ቢት ነው፤ ይቺ የመሣሪያው ቦርድ ሠላሳ ሁለት። ማካፈሉ ላይ ምን አደረጉ?» አለች ነጅማ።

ምን እንዳደረገ ያውቃል። ሰዓቱ የሚቆጠረው በናኖሰከንድ ስለሆነ አንዷ ሰከንድ ብቻ አንድ ቢሊዮን ታህላለች። የሲስተሙ አስኳል በሆነው ከርነል ውስጥ እንዲህ ያለ ግዙፍ ቁጥር በተራ የማካፈል ምልክት ለዚህች ቦርድ አይካፈልም ተብሎ ኮዱ አልገነባም ሲል፣ በሱፍቃድ ቁጥሩ ፊት ኔጌቲቭ የሌለበትን «ሎንግ» የሚባል የቁጥር ዓይነት ለጥፎ ጩኸቱን ዝም አሰኘው። ያው ሎንግ ላፕቶፑ ላይ ተራራ ይሸከማል፤ ቦርዷ ላይ ግን አራት ሰከንድን ትንሽ እንዳለፈ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። አምስቱ ሰከንድ አንድ እንኳ ሳይሞላ ይነበባል፤ የዘገየው ጠብታ የፈጠነ የሚመስለው ለዚህ ነው።

«ስሙ ሎንግ ስለሆነ ረጅም መሰለዎት?» አለች ነጅማ። «መጠኑን ራሱን ስልሳ አራት ቢት ብሎ መጻፍ፣ ማካፈሉን ደግሞ ከርነሉ ለዚሁ ላዘጋጀው ፈንክሽን መስጠት ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስከ ማታ ይመልስላት ነበር። አሁን ወደ በሩ ዞረ።

«ሲስተር… የመጀመሪያውን የት ሰቀላችሁት?»

«ሕፃናት ክፍል ነዋ። የእነሱ ጠብታ ዝግ ያለ ነው፤ ለእነሱ አይደል የፈለግነው?»



«ፈጠነ ሲል እኮ እንቀንሰዋለን» አሉ ሲስተር። «አሁንም ፈጠነ ሲል የባሰ እንቀንሰዋለን!» ወዲያው ወደ ክሊኒኩ ደወሉና ስልኩን ለበሱፍቃድ ሰጡት።

ነጅማ ጆሮው ሥር ተጠጋች። «ማሻሻያ ልንሠራለት ነው ይበሏቸው። ስማችን እንዳይጠፋ።»

«ማሻሻያ» ጥሩ ቃል ነበረች። ከንፈሩ ላይ ደርሳ ነበር።

«ሄሎ?» አለ የሴት ድምፅ።

«በሱፍቃድ እባላለሁ፤ የጠብታ መለኪያውን የሠራሁት። የሚነግራችሁ ውሸት ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው። አሁኑኑ አጥፉትና ጠብታውን በዓይናችሁ ቁጠሩ። ቆጥራችሁ እስክትነግሩኝ ስልኩን አልዘጋም።»