የካፒቴን ሂናሴ ጀርባ

በጃፓን ካርቱን፣ በአኒሜ፣ ገጸ ባሕርይ መልክ የተሠራች አሻንጉሊት ከሳጥኗ ስትወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቷን ያያል። እኔም አያለሁ። የዓይኗ ቀለም ከመስመሩ አልፏል? ፀጉሯና ግንባሯ የተገጣጠሙበት ቦታ ክፍተት አለው? የጃፓን የነሐሴ ሙቀት ሲመታት ቁርጭምጭሚቷ ይንሻፈፍ ይሆን? ይህን ሁሉ መርምሬ፣ ዙሪያዋን ፎቶ አንስቼ ድረ ገጼ ላይ እጽፋለሁ። ማንም አይከፍለኝም። ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ሚስትም ልጅም የለኝም። አሻንጉሊት የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው እንጂ ሳጥናቸው ላይ «ለአዋቂ ሰብሳቢዎች» ተብሎ ተጽፎበታል። የሚስቅ ይሳቅ።

ቀን ቀን የምሠራው ኦሳካ ውስጥ፣ ኒፖንባሺ ሰፈር፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሱቃችን ያገለገሉ አሻንጉሊቶችን ይገዛል፣ ይሸጣል። ሰው የሚያመጣውን ተቀብዬ ጉድለቱን የማየው እኔ ነኝ። የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ኦቺአይ ምላሳቸው ምላጭ ነው፤ አንድ የማይሻር ሕግም አላቸው። ያልተከፈተ ሳጥን እዚህ ሱቅ ውስጥ አይከፈትም። የታሸገበት ፕላስተር አንዴ ከተቆረጠ ዕቃው ሌላ ዕቃ ሆነ ማለት ነው፤ ይቅርታ ብሎ ነገር የለም።

ጽሑፌን የሚያነቡት ጥቂት ናቸው። ከነሱ መካከል ግን አንድ ታማኝ ነበረኝ፤ ራሱን «የኋላ ወንበር» ብሎ የሚጠራ። ገና ጽሑፉን ከማውጣቴ ከሥሩ ይመጣና አንዲት ጥያቄ ይጥላል።

«ጀርባዋስ?»

በእኛ በሰብሳቢዎቹ ዘንድ ስለ ሴት አሻንጉሊት ጀርባ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚያምረው የታወቀ ነው። ስለዚህ አፌ አያርፍም።

«አይ አንተ ጎረምሳ! ፊቷ ምን በደለህ?» እለዋለሁ።

«ፊቷን እርስዎ ይዩልኝ። ለእኔ ጀርባዋን ይተዉልኝ።»

«እናትህ ይህን ትስማ!»

«እናቴ መስማት ካቆመች ቆየች። ጀርባዋስ?»

እኔም እያጉረመረምኩ የጀርባዋን ፎቶ እጨምርለታለሁ። ለዓመታት እንዲህ ተባባልን። ስሙን ግን አላውቅም፤ የት እንደሚኖርም አላውቅም። በእኛ ዘንድ ስም መጠየቅ ነውር ነው፤ የሰው መኝታ ቤት ሳያንኳኩ እንደ መግባት ይቆጠራል። ሕጉን ማን እንዳወጣው እንጃ። እኔም አክብሬው ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት የካፒቴን ሂናሴ አዲስ ምስል እንደሚሠራ ተነገረ። ካፒቴን ሂናሴ በአንድ ረጅም የአኒሜ ታሪክ ውስጥ የጭነት መርከብ የምትመራ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። ነፋስ የሚያውለበልበው ካፖርቷ ጀርባው ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ተጠልፋበታለች። ወሬው በወጣበት ቀን ሁለታችንም አዘዝን። እንደ ልማዱ ፋብሪካው ለመጪው ወር ይላል፣ ደግሞ ለመጪው ወር ይላል፤ ጊዜው ነጎደ። አንድ ቀን «የኋላ ወንበር» እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ።

«ስትመጣ ማናችንም ቀድመን አንክፈታት። ቅዳሜ ከእራት በኋላ፣ እየተጻጻፍን፣ ፕላስተሩን አብረን እንቁረጠው። ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃሌ ነው። ብትቀድመኝ ግን አልምርህም፣ ጎረምሳው!» አልኩት።

ሳጥኑ የደረሰኝ ዝናቡ ሳያባራ በሚውልበት ወቅት ነው። ቅዳሜ ጠረጴዛዬን ወለወልኩ፤ ቢላዬን፣ ካሜራዬንና የገብስ ሻዬን ደረደርኩ። «ቢላዬ ተስሏል፤ የት አለህ?» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። ከሱቅ የገዛሁትን ሳልሞን ያለበት የሩዝ ድቡልቡል በላሁ፤ ሻዬን ጠጣሁ፤ አሁንም የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ሳጥኑን ሳልከፍት አስቀመጥኩት። ቃል ቃል ነው።

ያን ጊዜ ነው ብቸኝነቴ የገባኝ። ሰው ሲጠፋ ዘመድ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ሆስፒታል ይደወላል። እኔ ማንን ብዬ ልጠይቅ? «የኋላ ወንበር የሚባል ሰው ታሞ ተኝቷል?» ልበል? በዚህ ዓለም ላይ ከማንም በላይ የማወራውን ሰው ስሙን አላውቀውም።

«ዛሬስ ማን ሞተብህ?» አሉኝ ወይዘሮ ኦቺአይ፣ ስልኬን ደጋግሜ ሳይ አይተው።

«ማንም።»

«ታዲያ ፊትህን ፍታው እንጂ! ደንበኛ አስደነገጥክብኝ።»

ደንበኛዋ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ነበረች። ጥቁር ልብስ ለብሳለች፤ ዝናብ የነካቸው ሁለት ካርቶኖች በጋሪ እየጎተተች ነው የገባችው።

«ቺሳቶ ኩራሞቶ እባላለሁ» አለች ጎንበስ ብላ። «የአባቴ ዕቃዎች ናቸው። እሱ ሲሞት ወደዚህ ሱቅ እንዳመጣቸው አደራ ብሎኝ ነበር። አንድ የሚያምነው ሰው ‹የኒፖንባሺው ሦስተኛ ፎቅ፣ ዕቃ የሚቀበለው ሰውዬ እጁ ረጋ ያለ ነው› ብሎ የጻፈውን አንብቦ ነበር።»

ያን ድረ ገጼ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ስለማያሞግሰኝ፣ ሰውዬው እኔው መሆኔን ደብቄ ራሴን ማሞገሴ ነበር። ልቤ አንድ ጊዜ ድው አለ። ስንት ሰው አንብቦት ይሆናል ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ጓንቴን አጥልቄ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። በደንብ የተያዙ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ስስ ቡናማ ጥቀርሻ ተጋግሯል። ጉንጫቸው፣ ደረታቸው፣ ጉልበታቸው ሳይቀር ጠቁሯል።

«አባትዎ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ በጭራሽ! የሲጋራ ሽታ ያሳስለው ነበር።»

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ለሙታን የሚለኮሰው የእጣን ዘንግ ነው የሚሸተው። ከዚያ አሻንጉሊቷን አዞርኳት። ጀርባዋ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሁለተኛዋን አዞርኩ፤ እሷም እንዲሁ። ሦስተኛዋን ካዞርኩ በኋላ ቀና አልኩ።

«ወዴት ዞረው ነበር የሚቀመጡት?»

«ወደ እናቴ» አለች ቺሳቶ። «ማለቴ፣ ወደ እናቴ ፎቶ። አባቴ ሳሎን ውስጥ እጣን የሚለኮስበት መታሰቢያዋ ነበረ። እናቴ አልጋ ላይ እያለች አኒሜ ነበር የሚያጽናናት፤ በተለይ የዚያችን የመርከብ ካፒቴን ታሪክ ትወድ ነበር። መጨረሻውን ሳታይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ደስ ይላት ነበር የሚላትን አሻንጉሊት ሁሉ እየገዛ ከፎቶዋ ፊት ያቆምላታል፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙሮ። እሱ ከኋላ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ‹አባዬ፣ አንተስ ፊታቸውን አታይም?› ስለው ‹እሷ ካየች እኔ ጀርባቸው ይበቃኛል› ይለኝ ነበር።»

ጓንቴን አወለቅሁ።

«አባትዎ… ኮምፒውተር ላይ የሚያወሩት ሰው ነበራቸው?»

«አንድ ነበረው። ማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ብቻውን ሲስቅ እሰማውና ምን ሆንክ ስለው፣ ‹በሰባ ዓመቴ ጎረምሳ የሚለኝ ሰው አገኘሁ!› ይለኛል። ከእናቴ ሞት በኋላ ያሳቀው እሱ ብቻ ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችኝ፣ ቀና ሳትልም ቆየች። እኔም ዝቅ አልኩ። እንባዬ የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌዬ ጠረግሁት።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኩ።

«ያሱጂ። ያሱጂ ኩራሞቶ።»

ስሙን በልቤ ደጋገምኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ይመልስልኝ ነበር።

ቺሳቶ ከሁለተኛው ካርቶን ሥር የመጨረሻውን ሳጥን አወጣች። ካፒቴን ሂናሴ ናት፤ ፕላስተሯ አልተነካም።

«ሆስፒታል ሆኖ ‹መጣች?› እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የቀብር ሥርዓቱ ተፈጽሞ አስከሬኑ በተቃጠለ ማግስት ደረሰች።»

ወይዘሮ ኦቺአይ አንገታቸውን አሰገጉ። «ያልተከፈተ ነው! እሱንማ ዛሬውኑ እንወስደዋለን።»

«አንገዛውም» አልኩ።

«ምን አልክ? አንተ ሰውዬ አብደሃል?»

ለቺሳቶ ነው የመለስኩት። «የወላጆችዎ መታሰቢያ አሁን የት ነው ያለው?»

«ሳካይ ከተማ፣ እኔ ቤት ነው።»

«እንግዲያው ይህችን አይሽጧት። ይክፈቷትና ፊቷን ወደ ሁለቱም ያዙሩላቸው። አባትዎም ፊቷን ይዩ።»

ሳጥኑን ልትከፍት ሞከረችና ተወችው። «እኔ እሰብራታለሁ። እርስዎ ይክፈቱልኝ።»

ወይዘሮ ኦቺአይን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ጣሪያውን ያያሉ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ቢላዋው መሳቢያው ውስጥ ነው» አሉ። «ሕጉ ለንግድ ነው እንጂ ለለቅሶ መች ወጣ!»

ቆረጥኩት። ቅዳሜም አልነበረም፣ ከእራት በኋላም አልነበረም፤ ግን ከያሱጂ ጋር አብረን ነበርን ብዬ ልመን። ካፒቴኗ ካፖርቷን እያውለበለበች ወጣች። ወፏ ጀርባዋ ላይ ክንፏን ዘርግታለች፤ የክሩ አጠላለፍ እንኳ አንድ በአንድ ይለያል፣ ስፌቱ ላይ የፈሰሰ ቀለም የለም። አስፈቅጄ አንድ ፎቶ ብቻ አነሳሁ፣ ከኋላዋ።

ማታ ቤቴ ገብቼ የራሴንም ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ ካቆምኳት በኋላ ወዴት እንደማዞራት ጠፋኝ። የማሳያት ሰው የለኝም። ወደ ባዶው ግድግዳ አዞርኳትና ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ሆድ ባሰኝ። ያሱጂም እንዲህ ከኋላ ተቀምጦ ይስቅ እንደነበር አሰብኩና ሻዬን ጠጣሁ።

የዚያን ቀን ግምገማዬ አጭር ነበር። የጀርባዋን ፎቶ አደረግሁና ከሥሩ «ጀርባዋ እንከን የለውም፣ ጎረምሳው» ብዬ ጻፍኩ።

ዝናቡ መስኮቱን እየመታ ሳለ ከጽሑፌ ሥር አንድ አስተያየት ወጣ። ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰው ነው።

«ፊቷስ?» ይላል።

ካሜራዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ በእኛ ዘንድ ማንም ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጻፍኩ።

«ፊቷን አሳይዎታለሁ። እኔ ሶኖዳ እባላለሁ። የእርስዎ ስም ማን ነው?»

መልሱ ገና አልመጣም። ነውረኛ ብሎኝ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። መብራቱን አላጠፋሁም፤ እየጠበቅሁ ነው።