የአሮጌዋ ታንኳ ሻጋታ

የኔ ሰውዬ ነስረዲን ግትር ነው። መረብ ሲያነሳ የአምባዛ እሾህ እግሩን ወጋውና ቁስሉ አመረቀዘ። ኪኒኑ ቢቀያየርለትም አልዳነም። በመጨረሻ ሐኪሞቹ «ካልሻለው እግሩ ይቆረጣል» አሉን። አንድ እግር ያለው አስጋሪ ጣና ላይ ምን ሊሠራ?

ታናሽ እህቱ ኢልሃም ባሕር ዳር አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሻጋታና ከእንጉዳይ አዲስ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ደጃችን ከተጣለችው አሮጌ የደንገል ታንኳ አረንጓዴ ሻጋታ ፍቃ ወስዳ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ወንድምጋሼ፣ ያንተ ታንኳ ሻጋታ መድኃኒት የማይበግረውን ተህዋስ ገደለው። ግን ገና ነው፤ ለሰው መሆን አለመሆኑን ለመለየት ዓመታት ይፈጃል።»

እሱ «ገደለው» የምትለዋን ሰማ፤ ለቀረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በነጋታው ከገበያ ስመለስ ሻጋታውን ቁስሉ ላይ ለጥፎ በጨርቅ ሲያስር ደረስሁ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ዓመታት ይፈጃል አላለችህም?» አልሁት።

«እግሬ ዓመታት ትጠብቃለች? ፔኒሲሊኑም ከሻጋታ ነው የመጣው፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውሁት።

ለካ ነገሩ ሠራ። መግሉ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱ ጎደለ። ሲቃትት የሚያድረው ሰውዬ ለጥ ብሎ ተኛ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሕመም የሚባል የለም» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ እግሩን ያሳያል። እኔም ወላሂ ደስ አለኝ። ብቻ አንድ ቀን ጫማው ውስጥ ጠጠር ይዞ ሲዞር ውሎ፣ ተረከዙ ደም በደም ሆኖ ገባ።

«ኧረ አላወቅሁም» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ኢልሃም ጋ ደወልሁ።

መጥታ የሆነውን ነገርኋት። በር ላይ ይዛኝ፣ «እትዬ ጀሊላ፣ ሻጋታውን የሞከርንባቸው አይጦችም ቁስላቸው ድኖ ነበር» አለችኝ።

«ከዚያስ?» አልኋት።

መርፌ ይዛ ገባችና ፊቱን ወደ ሐይቁ እንዲያዞር ነገረችው።

«ወንድምጋሼ፣ ስወጋህ ንገረኝ።»

«እሺ።»

እግሩን ጭኔ ላይ ይዤለታለሁ። ከጣቶቹ ጀመረች። ቁርጭምጭሚቱን ወጋች፣ ባቱን ወጋች፣ ደሙ ነጠብ ነጠብ እያለ እስከ ጉልበቱ ወጣች። ነስረዲን ሐይቁን ሲያይ ቆየና ሰለቸው።

«በይ እንጂ ኢልሃም፣ ጀምሪ» አላት።