ጋሽ ዝግታ መኪናቸውን ያጠቡ ዕለት

ዝናቡ ቀረ። የተዘራው አልበቀለም፤ የሚጫን እህል ጠፋ። የጭነት መኪኖቹ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ተራቸውን ይዘው ቆሙ። አንዱ መኪና ሥር ድመት ወልዳ ልጆቿን አሳደገች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ትርፍ ጎማቸውን ሸጡ፤ ቀጥሎ ክሪካቸውን፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃ። ሰው ሰላምታ አሳጠረ፤ የረጅም ሰላምታ መጨረሻው ብድር ነበርና።

ጭሱ ዕዳ ውስጥ የገባው በዚያ ወቅት ነው። ጭሱ ያሉት መኪናው ከሩቅ የሚታወቀው በጭሱ ስለሆነ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ደም ፈሰሳት። የጤና ጣቢያው ሰው «ትልቁ ከተማ ካልደረሰች እኔ ምንም አልችልም» አለ። ነዳጅ የሚሰጠው ጭነት ለደረሰው ብቻ ነበር፤ የጭሱ መኪና ደግሞ ከሰልፉ ጭራ ላይ ነች። ከፊት የነበሩት ጋሽ ዝግታ ናቸው። ከሦስተኛ ማርሽ አልፈው አያውቁም የሚባሉ ሽማግሌ ሾፌር ናቸው። ከወር በላይ ጠብቀው ተራቸው በደረሰ ዕለት ከመኪናቸው ወረዱና፣ «አንተ ጫን» አሉት። እሳቸው ወደ ጭራ ሄዱ።

ልጅቷ ተወለደች። እናቷም ተረፈች።

በሜዳው ሕግ የተበደሩት ተራ የሚመለሰው በተራ ነው። ገንዘብ አይተካውም። ዝናብ ተመልሶ ጭነት ሲትረፈረፍ ጭሱ ሊመልስ ሄደ። ጋሽ ዝግታ ሳቁበት።

«ሁሉም በሚጭንበት ቀን ተራ ምን ያደርግልኛል? ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው ውሃ ቀድተህ ልትሰጥ ነው? ይቆይ።»

ቆየ። ልጅቷ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች፤ ዕዳው አልተነቃነቀም።

በዚህ ዓመት ሬዲዮው የጭነትና የመጋዘን ሥራ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ አለ። ብዙ አልቆየም። ከሜዳው ማዶ ያለውን ቦታ አንድ የውጭ ኩባንያ አጠረው፤ አስፋልት አነጠፈበት፤ ከብረት በሩ በላይ መብራት ሰቀለ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ተራ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ጭነት ውል ለያዘ መኪና በስልክ ይነገረዋል ተባለ። ለጊዜው ውል የሚሰጠው ለሦስት መኪና ነው። የቀረው «ወደፊት እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል»።

«በር ሲከፈት ንፋሱም ይገባል፣ ዝንቡም ይገባል» አለ አንዱ ሾፌር።

«ንፋሱ ጎማህን ከነፋልህ ምን ከፋህ?»

«እኛ በወር የምናገኘውን ጭነት እነሱ በሳምንት እንሰጣለን ይላሉ። ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን!»

«እውነቱ ለሦስቱ ነው። ላንተ የደረሰህ ወሬው ነው።»

የሾፌሮቹ ማኅበር ሰዎች ኩባንያውን አንድ ነገር ለመኑት፤ ሦስቱ መኪኖች በተራ ይመረጡ። ኩባንያው እሺ አለ። ሰልፉ ሲታይ ሦስተኛው ጋሽ ዝግታ ሆኑ። አራተኛው ጭሱ።

አራተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጭሱ አላጣውም። ጭነቱ ሁሉ ወደ ማዶ ከሄደ በኋላ አሮጌ መኪና የሚፈልገው ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው።

ሦስቱ በሚመረጡበት ቀን ማለዳ፣ የኩባንያው ሰው ከቀትር በኋላ ይመጣል፣ መኪኖቹንም ያያል የሚል ወሬ ደረሰ። ጋሽ ዝግታ መኪናቸውን ዞረው አዩት። «እንግዳ ሲመጣ ፊት ይታጠባል» አሉ ለራሳቸው። ባልዲና ጨርቅ ጫኑ። ከጎማው ሥር ያለውን ታኮ፣ ያቺን የእንጨት ሽብልቅ፣ በቦታቸው ትተው ሞተር አስነሱ።

በሜዳው ላይ ታኮ ቦታ ይይዛል። የሚይዘው ግን ነዳጅ ሊቀዳ ለሄደ ብቻ ነው። በሌላ ጉዳይ ከሰልፍ የወጣ ጭራ ይሄዳል። ይህን ጋሽ ዝግታ ያውቃሉ። ነገር ግን ሁሉም ሊለወጥ ነው በተባለበት ሳምንት የድሮው ሕግ የላላ ይመስላል።

ጭሱ ከኋላቸው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ባልዲውን አየ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ!» የሚለው ቃል አፉ ደረሰ፤ አልወጣም። መስኮቱን መልሶ ዘጋው።

ተራ አስከባሪው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እያነከሰ መጣ። ታኮውን አየና ቀና አለ።

«ነዳጅ ነው የሄዱት?»

«እንጃ» አለ ጭሱ።

«ነዳጅ በጨርቅ ነው እንዴ የሚቀዳው?» አለ ከኋላ ያለው። «ወንዝ ወርደዋል! ሙሽራ ሊያስመስሏት ነው።»

ሜዳው ሳቀ። ተራ አስከባሪው አልሳቀም። «ታኮ ለነዳጅ እንጂ ለውበት አይቀመጥም» አለና እንጨቱን በእግሩ ገፋው። «ጭሱ፣ ጠጋ በል።»

ጭሱ ጠጋ አለ።

ጋሽ ዝግታ ሲመለሱ መኪናቸው ታብለጨልጫለች። «ለካ አረንጓዴ ናት!» አለ አንዱ። ሽማግሌው ቦታቸው መያዙን አዩ።

«ታጥበው መጡ፣ ጋሼ?» አለ ተራ አስከባሪው።

«ታጠብኩ።»

«እንግዲህ ጭራ ነው። ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው።»

«አብረን ነው» አሉ። ስለ ዕዳው ምንም አልተናገሩም። መሪያቸውን ጠምዝዘው ሄዱ።

ጭሱ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። የጠበቀውን ገመድ ፈትቶ እንደገና አጠበቀ። ዘይቱን አየ፤ ወጣ፤ ዘይቱን ደግሞ አየ። ወደ ማዶው አጥር ሄዶ ተመለሰ። ምሳ ሰዓት ቤቱ ገባ፤ ተቀመጠ፤ ተነሣ።

«ወንበሩ እሾህ አለበት?» አለች ሚስቱ።

የሆነውን ነገራት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«አትስጣቸው» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«አትስጣቸው አልኩህ። የዳንኩት እኔ ነኝ፤ ውለታው የእኔ ነው። ልብሳቸውን አጥባለሁ፤ ሲታመሙ አስታምማለሁ። እንጀራችንን ግን አሳልፈህ አትስጥ። ልጅቷን ተመልከታት፣ ጫማዋ ጠቧታል።»

«የተበደርኩት ተራ ነው። ተራ ደግሞ ከዛሬ በኋላ የለም።»

«ታዲያ እሳቸው ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

ቀና ብላ አየችው። «አንዲት ቃል አልተነፈሱም?»

«አንዲትም።»

«ኤጭ!» አለች። የምሳውን ሳህን ሳይነካ አነሣችው። «እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ።»

ሜዳው ሲደርስ የኩባንያው ሰው መጥቷል። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ነው። የሁለቱን መኪኖች ታርጋ መዝግቦ ሦስተኛው ጋ ደርሷል።

«ሾፌሩ የታለ?»

«እኔ ነኝ» አለ ጭሱ። «ግን ይህ ተራ የጋሽ ዝግታ ነው።»

ተራ አስከባሪው ቆጣ አለ። «ፈረድን እኮ! ጭራ ሄደዋል!»

«ፍርድህን አልነካሁም። ተራው የእኔ ነው፤ የእኔን ነው የምመልሰው። ለዚያ ለክፉ ዘመኑ ዕዳ።»

ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ዕዳውን የማያውቅ አልነበረም።

«እኔ የሚገባኝ ነገር ንገሩኝ» አለ ወጣቱ። «የትኛውን ታርጋ ልጻፍ?»

«ትንሽ ታገሥ፣ ወንድሜ» አለው ተራ አስከባሪው፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ካልተቀበሉት አልተመለሰም።»

ጭሱ በሰልፉ ርዝመት ልክ ሄደ። ሾፌሮቹ በየመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተዋል። ጋሽ ዝግታ ጭራ ላይ፣ ንጹሕ መኪናቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ተራዎን አምጥቻለሁ።»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«ሂድ ያለችኝ እሷ ናት።» ጭሱ መሬት መሬት አየ። «ጠዋት ባልዲውን አይቼው ነበር።»

«መስኮቱን ስትዘጋ አይቼሃለሁ» አሉ ሽማግሌው።

 ከዚያ ጋሽ ዝግታ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ጭሱ ሮጦ ተመለሰ። መኪናውን አስነሥቶ ከመስመር አወጣት፤ የመኪናዋ ጭስ የኩባንያውን ሰው አስሳለው። አረንጓዴዋ መኪና በሦስተኛ ማርሽ እንኳ ሳትሆን፣ በአንደኛ፣ ቀስ እያለች ሰልፉን አልፋ ክፍቱ ቦታ ላይ ቆመች። ወጣቱ ታርጋዋን ጻፈ።

በሜዳው ልማድ ተራ የተመለሰለት ሰው ሁሉም እየሰማ አንድ ቃል ይላል። ሽማግሌው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ራሳቸውን አወጡ።

«ተቀብያለሁ!» አሉ፣ እስከ ጭራው በሚሰማ ድምፅ።