ከቀትር በኋላ የደረሰ ሻይ

ሳንጉዋን ሚስቱ በሕይወት እያለች ብቻውን የቀረ ሰው ነው። በቻይናት ከተማ አጠገብ በሚያልፈው ወንዝ ላይ ሰው ሲያሻግርበት የኖረውን ጀልባ ሸጦ ቤት በዋለ በዓመቱ፣ ሚስቱ ላምያይ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከከተማው ዳር ያለው የቡድሃ ገዳም ገባች። አልተጣሉም። "ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅተናል፤ የቀረኝን ዕድሜ በጸጥታ ልቀመጥ" አለችው። እሱም "እሺ" አለ። ሌላ ምን ይላል? ለበጎ የተነሳችን ሴት አትሂጂ ማለት ኃጢአት መሰለው።

ጠዋቱን እንደምንም ይገፋዋል። የሚከብደው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ላምያይ በዚያ ሰዓት በረዶ የሞላ ብርጭቆ ታቀርብለት ነበር። ከላይ ያፈሰሰችው ወተት በቀዩ ሻይ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁለቱም ያዩት ነበር። ገበያ ወርዶ ቢገዛም እንደ እሷ አልሆን አለው። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ትታው የሄደችውን የሻይ ቆርቆሮ አወጣ።

ቅጠሉን ከውሃው ጋር ጥዶ ረሳው። ሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤቱን ፕራፓይን አመጣት።

"ወንድም ሳንጉዋን! አስፋልት ልታነጥፍ ነው እንዴ?"

"ሻይ ነው።"

"ይሄ ሻይ ከሆነ እኔም የቁንጅና ውድድር አሸናፊ ነኝ!"

እየሳቀች ገባች። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብርጭቆ ብቻዋን ቆማ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

"ቅጠሉን አትቀቅለው" አለችው ረጋ ብላ። "ውሃው ሲፈላ አውርድና ጨምርበት፣ ከድነህ ተወው። ስኳሩን በትኩሱ። ደግሞ ወፈር አድርገው፣ በረዶው ያቀጥነዋል።"

"አንቺ ብትሠሪልኝስ?"

"ዛሬ ሠራሁልህ፤ ነገስ?"

ሲሠራ ሲደፋ ሰነበተ። በአንድ የበዓል ቀን ለላምያይ ሊወስድላት ቆርጦ በጠዋት ተነሳ። የመጀመሪያው ቀጠነበትና ደፋው። ሁለተኛውን በረጅሙ የጨርቅ ማጣሪያ አጥልሎ፣ ከማንቆርቆሪያ ወደ ማንቆርቆሪያ ከፍ አድርጎ እያንቆረቆረ አረፋ አስወጣው። ቀመሰው። ላምያይ የገባች ይመስል ዘወር ብሎ በሩን አየ።

ሻዩን በአንድ ፔርሙዝ፣ በረዶውን በሌላው፣ ወተቱን በጠርሙስ፣ አንድ ብርጭቆም ጨምሮ ይዞ በሞተር ብስክሌቱ ሄደ። ላምያይ ከዛፍ ሥር ቅጠል ትጠርግ ነበር። በትከሻዋ ነው ያወቃት። መጥረጊያዋን አስደግፋ ለሰላምታ መዳፎቿን ገጠመች።

"እንኳን ደህና መጡ።"

ዕድሜ ልኳን "አንተ" ስትለው የኖረች ሴት! ግራ ገባው።

"እ... እርስዎም ደህና ነዎት?"

የድንጋይ አግዳሚ ወንበር ላይ ብርጭቆውን ሞላ። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

"ቀትር አልፏል። ከቀትር በኋላ ምግብም ሆነ ወተት ያለበት ነገር አይፈቀድልኝም።"

"ረፈደብኝ። የመጀመሪያው ቀጥኖብኝ..."

"ራስዎ ነው የሠሩት?"

"ማን ይሠራልኛል?" አለ፤ ካፉ ሲወጣ ቆጨው።

ላምያይ አቀረቀረች። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ለትንፋሽ ያህል ብቻ።

"ልክ ነው" አለች።

ከዚያ የገዳሙን ጣራ ይጠግን የነበረውን አናጢ ሻዩን እንዲጠጣ ጠራችው። ሰውዬው ወርዶ፣ ግጥም አድርጎ ጠጥቶ፣ በረዶውን ቆረጠመ።

"አባባ፣ ሱቅዎ የት ነው?" አለው ሳንጉዋንን።

"ሱቅ የለኝም።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚሠሩት?"

ሳንጉዋን ባዶውን ብርጭቆ ከእጁ ተቀበለ። ላምያይ መጥረጊያዋን አንስታ ወደ ቅጠሏ ተመለሰች።

ቤቱ ሲደርስ ፕራፓይ አጥሩ ላይ ተደግፋ ትጠብቀው ነበር።

"ወደደችው?"

"አሸተተችው።"

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። "ነገ በማለዳ ሂድ።"

"አልሄድም። እሷ ሰላሟን አግኝታለች፤ እየሄድኩ አልበጠብጣትም።"

የተረፈውን ሻይ ቀድቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በረዶው አልቋል፤ ለብ ያለውን እስከ ጠብታው ጠጣው። ከዚያ ማጣሪያውን አጥቦ ገመድ ላይ ሰቀለው። በማግስቱም፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ውሃ ጣደ።